ጀርባውን አታደብዝዙት፦ ሰውን በራሱ ስፍራ ፎቶ ስለማንሳት

አንድ ልብስ ሰፊ አስቡ። መርካቶ ውስጥ፣ ጠባብ በረንዳ ላይ፣ ሲንጀር መኪናው ፊት ተቀምጧል። ስልካችሁን አውጥታችሁ ፖርትሬት ሞድ ላይ ታደርጉታላችሁ። ፊቱ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ከጀርባው ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ፎቶው ያምራል። ግን ይህ ሰው ማን እንደሆነ ከፎቶው ማወቅ አይቻልም። አስተማሪም፣ ሾፌርም፣ የባንክ ሠራተኛም ሊሆን ይችላል።

አሁን ሁለት እርምጃ ወደኋላ በሉ። ሞዱን አጥፉና እንደገና አንሱት። መኪናው ይታያል። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ሜትር ይታያል። ግድግዳው ላይ ያላለቁ ሱሪዎች ተሰቅለዋል፣ እያንዳንዱ ላይ የደንበኛ ስም የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት በመርፌ ተይዟል። ጥግ ላይ ሬዲዮ አለ። የጠረጴዛው ጠርዝ ክንዱ በሚያርፍበት በኩል ቀለሙ ለቋል። ስንት ዓመት እዚያ እንደተቀመጠ ማንም ሳይነግረን ገባን።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ፎቶ ነው። ሰውን በራሱ ስፍራ ማንሳት ስንል፣ ሰውየው በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት ቦታ ሆኖ፣ እያወቀና ፈቅዶ የሚነሳውን ፎቶ ማለታችን ነው። እያወቀ መሆኑ ወሳኝ ነው። ከሩቅ ሳያይ የተነሳ የመንገድ ፎቶ ሌላ ነው። መጋረጃ ፊት የተነሳ የስቱዲዮ ፎቶም ሌላ ነው። ይህኛው ከስቱዲዮው ስምምነቱን፣ ከመንገዱ ደግሞ እውነተኛውን ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ፎቶው ውስጥ ባለታሪኮቹ ሁለት ናቸው፦ ሰውየውና ቦታው። የፎቶ አንሺው ሥራ ሁለቱ ስለ አንድ ነገር እንዲያወሩ ማድረግ ነው።

ከባድ የሚያደርገው፣ ቦታ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አለመሆኑ ነው። ቦታ ለሰው ይመሰክራል። ሰውን ይከሳል። ያከብራል፣ ያዋርዳልም። የቱን እንደሚያደርግ የሚወስነው ካሜራውን የያዘው ሰው ነው።

መጋረጃው ለምን ይወደድ ነበር?

በእኛ አገር ፎቶ መነሳት ለረጅም ጊዜ ከስፍራ መውጣት ማለት ነበር። በመጀመሪያ ፎቶ የቤተ መንግሥት ነገር ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአጼ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆኖ ሠራ። ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ለአጼ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አነሱ። ከዚያ ፎቶ ቤቶች በየከተማው ተከፈቱ። ቤተሰብ ለብሶ፣ ጫማ አስጠርጎ፣ ልጅ ጸጉሩ ተቀብቶ ይሄዳል። መጋረጃው ላይ ተራራ ወይም የአትክልት ቦታ ተሥሏል። ትንሿ ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ አበባ አለ። አንዳንዱ ጋ ስልክም ይቀመጥ ነበር፣ ቤቱ ስልክ የሌለው ሰው እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ይነሳበታል።

ዛሬ እነዚህን ፎቶዎች ሰው ሠራሽ ናቸው ብሎ መናቅ ይቀናል። እኔ አልስማማም። እነዚያ ሰዎች እንዴት መታወስ እንደሚፈልጉ ራሳቸው መርጠዋል። ጭቃ ቤታቸውን ሳይሆን ክብራቸውን ይዘው ቀርበዋል። አሁን ካሜራ ይዘን ቤታቸው የምንገባ ሰዎች ይህን ምርጫ ከእጃቸው እየወሰድን መሆኑን ማወቅ አለብን። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

ቦታ ሲከስ፣ ቦታ ሲመሰክር

አውግስት ዛንደር ጀርመናዊ ፎቶ አንሺ ነው። የአገሩን ሰው በየሥራው ሊመዘግብ ተነሳና ዕድሜውን ሙሉ ሠራበት። ገበሬ፣ ጠበቃ፣ ተማሪ፣ ሥራ ፈላጊ፣ ማየት የተሳነው ልጅ ሳይቀር አነሳ። በ1928 እ.ኤ.አ. (የውጭ አገር ታሪኮቹ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያነሳው ኬክ ሠሪ እስከዛሬ ይጠቀሳል። ሰውየው ወፍራም ነው። ነጭ የሥራ ካፖርቱን ለብሶ፣ ትልቁን የማቡኪያ ዕቃ ይዞ ወጥ ቤቱ መሐል ቆሟል። ፈገግታ የለም። ሰውነቱ ክብ ነው፣ ዕቃውም ክብ ነው። ሙያውና ሰውየው አንድ ሆነዋል። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ በ1936 የዛንደርን መጽሐፍ የማተሚያ ሰሌዳዎች አወደሙ። ድሃውም፣ ለማኙም፣ ጌታውም እኩል ቀጥ ብሎ የቆመበት የጀርመን ምስል እነሱ ከሚፈልጉት ጀርመን ጋር አልገጠመም።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አርኖልድ ኒውማን ደግሞ ቦታን እንደ ዳኛ ተጠቅሞበታል። በ1946 የሙዚቃ ደራሲውን ኢጎር ስትራቪንስኪን ሲያነሳ፣ የፎቶውን አብዛኛውን ክፍል የተከፈተ የፒያኖ ክዳን እንዲይዘው አደረገ። ሰውየው ታች ጥግ ላይ ትንሽ ሆኖ ተቀምጧል። ያም ሆኖ ፎቶው ከዳር እስከ ዳር ስለ እሱ ነው። በ1963 ግን ኒውማን ጀርመን፣ ኤሰን ከተማ ሄዶ ባለፋብሪካውን አልፍሪድ ክሩፕን አነሳ። ክሩፕ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰዎችን እንደ ባሪያ አሠርቷል ተብሎ በ1948 ኑረምበርግ ላይ 12 ዓመት ተፈርዶበት በ1951 የተፈታ ሰው ነው። ኒውማን አይሁዳዊ ነው። ክሩፕን በገዛ ፋብሪካው ውስጥ አስቀመጠው። መብራት ከግራና ከቀኝ አደረገበት። ወደፊት ጎንበስ እንዲል ነገረው። ክሩፕ እጆቹን አቆላልፎ አገጩ ሥር አደረገ። በወጣው ፎቶ ላይ ፊቱ በጥላ ተቆራርጧል፣ ከጀርባው ጭር ያለ ፋብሪካ አለ። የሚታየው አስፈሪ ሰው ነው። ቦታው የራሱ ነው፣ ፊቱም የራሱ ነው፣ ፍርዱ ግን የፎቶ አንሺው ነው። እዚህ ላይ ፍርዱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ያው ብልሃት በንጹሕ ሰው ላይም ይሠራል። ይህ ሊያስፈራን ይገባል።

ከሁሉ አብልጬ የምጠቅሰው የጎርደን ፓርክስን ሥራ ነው። ፓርክስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1942 ዋሽንግተን ዲሲ ሲገባ በቆዳው ምክንያት ሱቅም፣ ምግብ ቤትም፣ ሲኒማም መለሱት። የሚሠራው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ በፎቶ አንሺነት ነበር። ሕንፃውን የምታጸዳ ኤላ ዋትሰን የምትባል ሴት አገኘ። ተቀምጦ ታሪኳን ጠየቃት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የአሜሪካ ባንዲራ ፊት አቆማት። በእጇ መጥረጊያ ይዛለች፣ ከጎኗ መወልወያ ቆሟል። ቀጥ ብላ ካሜራውን ታያለች። ሌላ ቃል አያስፈልገውም።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን አንድ ፎቶ ነው። ትልቁ ትምህርት ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አለቃው ሮይ ስትራይከር ከእሷ ጋር ሥራህን ቀጥል አለው። ፓርክስም ለሳምንታት ተከተላት። ቤቷ ገባ። የምታሳድጋቸውን ልጆች፣ የምትበላበትን ጠረጴዛ፣ የምትጸልይበትን ቦታ፣ ቤተ ክርስቲያኗን አነሳ። ባንዲራው ፊት ያለችው ኤላ አቤቱታ ናት። ቤቷ ውስጥ ያለችው ኤላ ደግሞ አያት፣ ጎረቤት፣ አማኝ ናት። የመጀመሪያው ፎቶ ብቻ ቢኖር ኖሮ እኛ የምናውቃት በደረሰባት በደል ብቻ ነበር። የበደል ፎቶ የምታነሱ ከሆነ ሁለተኛውንም ለማንሳት ጊዜ መድቡ።

ሽሮ ሜዳ፣ አንድ ሸማኔ ቤት

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። ሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በሸማ ገበያው አካባቢ ባሉ ቤቶች ውስጥ ሸማኔዎች ይሠራሉ። ብዙዎቹ መነሻቸው ጋሞ ነው፣ ዶርዜዎች በተለይ በሽመና የታወቁ ናቸው። ሸማኔው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። እግሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው ይረግጣሉ። እጆቹ መወርወሪያውን ወዲህ ወዲያ ይልካሉ። ድሩ ከፊቱ ተወጥሯል። ክፍሉ ብዙ ጊዜ ጨለም ያለ ነው። ብርሃኑ የሚገባው ከበሩ ነው።

ካሜራውን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። የምነግረው ታሪክ ምንድን ነው? «ሸማኔ» ርዕስ ነው እንጂ ታሪክ አይደለም። ልጁ ሙያውን እየወረሰ ከሆነ፣ ያ ታሪክ ነው። እንግዲያው ከኋላ ያለችው ሁለተኛዋ የሽመና ዕቃ ፎቶው ውስጥ መግባት አለባት። ታሪኩ የጣቶቹ ፍጥነት ከሆነ ከጎን ቁሙ፣ እጁና ጥለቱ ቅርብ ይሁኑ። ታሪኩ እሱ አፈር ውስጥ ተቀምጦ ለሌላ ሰው የበዓል ቀሚስ መሥራቱ ከሆነ፣ የድሩ ጫፍ ላይ ሄዳችሁ ዝቅ በሉ። ነጩ ክር ከእናንተ ተነስቶ ዓይናችንን እስከ ፊቱ ይወስደዋል። ታሪኩ ሳይታወቅ መቆሚያ ቦታ መምረጥ አይቻልም። ብዙ ደካማ ፎቶ የሚመጣው ከካሜራ ማነስ ሳይሆን ከዚህ ነው።

ቀጥሎ ቁመት አለ። ሸማኔው ወለሉ ላይ ነው፣ እናንተ ቆማችኋል። ከላይ ሆናችሁ ካነሳችሁት ያንሳል። ትከሻውና አናቱ ይታያል፣ ዓይኑ አይታይም። ቁጭ በሉ። ሱሪያችሁ አቧራ ይንካው። ዓይናችሁ ከዓይኑ ጋር እኩል ሲሆን ፎቶው ወዲያው ይለወጣል። ይህ ለሊስትሮም፣ ጉልት ላይ ለምትቸረችር እናትም፣ ምጣድ ላይ ጎንበስ ላለች እንጀራ ጋጋሪም ይሠራል።

ከዚያ አራቱን ጥጎች እዩ። ከጭንቅላቱ ላይ ምሰሶ የበቀለ ይመስላል? ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን መሄድ ይበቃል። በደማቅ ቀለም የሚያበራ ፌስታል ተንጠልጥሏል? ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደሚያበራው ነገር ነው። እንዲነሳ በትሕትና ጠይቁ። ቻርጅ ላይ ያለችው ስልክስ? እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙዎች «ዘመናዊ» ነገር ስለሆነች ያስወግዷታል፣ ፎቶው «ጥንታዊ» እንዲመስል። እኔ ትቀመጥ እላለሁ። ሰውየው የሚኖረው ዛሬ ነው። ደንበኛው የሚደውልለት በእሷ ነው። ነገር ስታስወግዱ ለዓይን ስለሚረብሽ ይሁን። እናንተ ከምታስቡት ሸማኔ ጋር ስላልገጠመ ግን አይሁን። ከውጭ ዕቃ ማስገባት ደግሞ ጨርሶ አይፈቀድም ባይ ነኝ። የሌለ ጀበና፣ የሌለ መሶብ አምጥቶ ማስቀመጥ በሰውየው ስም መዋሸት ነው።

አሁን ጠብቁ። ሰው ካሜራ ሲያይ ትንፋሹን ይይዛል፣ ትከሻው ይነሳል፣ ፊቱ የመታወቂያ ፎቶ ይሆናል። መድኃኒቱ ጊዜ ነው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ዩጂን ስሚዝ በ1948 ኮሎራዶ ውስጥ ክሬምሊንግ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚሠራ ኧርነስት ሴሪያኒ የሚባል ሐኪም ለማንሳት ሄዶ 23 ቀን አብሮት ዋለ። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ውስጥ ፊልም አልነበረም። ሐኪሙ እስኪለምደው ድረስ በባዶ ካሜራ ያነሳ ነበር። በመጨረሻ ካገኛቸው ፎቶዎች አንዱ ይኸው ነው፦ ሌሊት ነው። እናትም ልጅም ያልተረፉበት ቀዶ ሕክምና አልቋል። ሐኪሙ የቀዶ ሕክምና ልብሱን እንደለበሰ ሆስፒታሉ ወጥ ቤት ውስጥ ተደግፎ ቆሟል፣ በእጁ የቡና ስኒና ሲጋራ አለ። ሐኪምን ቀዶ ጥገና ክፍል ማንሳት ማንም ያስበዋል። ወጥ ቤት ማግኘት ግን አብሮ መዋልን ይጠይቃል።

እኛ 23 ቀን ላይኖረን ይችላል። ግማሽ ቀን ግን ይኖረናል። ሸማኔው ይሥራ። «ጋሼ፣ ይቺ ጥለት ስንት ቀን ትፈጃለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ሥራው የሚያወራ ሰው ካሜራውን ይረሳል፣ እጁም ወደ ልማዱ ይመለሳል። መሐል ላይ «እንዳሉ ሆነው አንዴ ወደኔ ይዩ» በሉት። ሳይነሳ፣ መወርወሪያውን ሳያስቀምጥ ቀና ይላል። ብዙ ጊዜ ምርጡ ፎቶ ያ ነው።

ብርሃኑና ስልኩ

የበር ብርሃን ጥሩ ነው፣ ለስላሳም ነው። በሩ ከጎኑ ቢሆን ይመረጣል፣ የፊቱ ቅርጽ ይወጣል። በሩ ከጀርባችሁ ከሆነ እናንተው ትጋርዱታላችሁ፣ ፊቱም ጠፍጣፋ ይሆናል። በሩ ከጀርባው ከሆነ ደግሞ ጥቁር ጥላ ብቻ ይወጣል። ፍላሽ አትጠቀሙ። ፍላሽ የክፍሉን ድባብ ያጠፋዋል፣ እኛ የመጣነው ደግሞ ለእሱ ነው።

ነጠላና ጋቢ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። ከካሜራው ፊት ብዙ ነጭ ልብስ ካለ «በዛብኝ» ብሎ ፎቶውን ያጨልማል፣ የሰውየው ፊትም አብሮ ይጠፋል። ጥላሸት የበላው ግድግዳ ፊት ደግሞ በተቃራኒው ያበራና ፊቱን ያነጣዋል። ስልክ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው። ፊቱን በጣታችሁ ንኩ፣ ከዚያ የምትመጣዋን የብርሃን ምልክት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉ። ፊቱ ላይ የቆዳው ቀለም በትክክል ሲታይ፣ ነጠላው ላይ ደግሞ ክሩ ሳይጠፋ ሲቀር አቁሙ። ጥቁር ቆዳን ማክበር የቴክኒክ ጉዳይም ነው። የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ ለብዙ ዓመታት የቀለም ማስተካከያ ካርዱን የሠራው በነጭ ሴቶች ፎቶ ነበር፣ የጥቁር ሰው ፊት በዚያ ዘመን የቀለም ፎቶ ላይ ጭልም ብሎ መቅረቱ በከፊል የመጣው ከዚህ ነው።

ገበያ ውስጥ ሌላ ነገር ይገጥማችኋል። ሰማያዊ ሸራ ሥር የተቀመጠች ሻጭ ፊቷ ሰማያዊ ይሆናል። በብርቱካናማ ሸራ ሥር ደግሞ ብርቱካናማ። ኤዲት አድርጎ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው። ወደ ሸራው ጠርዝ፣ የሰማይ ብርሃን ወደሚደርስበት ትንሽ ጠጋ ትበል። ዕቃዋን ትታ እንድትሄድ ግን አትጠይቁ።

ሌንስን በተመለከተ፣ ካሜራ ላላቸው 35 ሚሊሜትር ለዚህ ሥራ ይስማማል። ቦታውንም ፊቱንም ይይዛል። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) 5.6 ወይም 8 አካባቢ አድርጉ፣ ያኔ ከጀርባ ያለው ነገር ይነበባል። ስልክ ለዚህ የተመቸ መሣሪያ ነው። ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ ከፊትም ከኋላም ያለው በራሱ ጥርት ይላል። የሚያደበዝዘው ሶፍትዌሩ ነው። ዋናውን ሌንስ ተጠቀሙ። 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ ብትጠቀሙ ሰውየውን ከዳር አርቁት፣ መሐል ይሁን፣ ዳር ላይ ፊት ይለጠጣል።

«ቆይ፣ ቤቱን ላስተካክል»

ሰው ቤት ስትገቡ የምትሰሙት ይህን ነው። እማማ ነጠላቸውን ይቀይራሉ። ጀሪካኑ ይነሳል። አልጋው ይነጠፋል። ፎቶ አንሺው በልቡ «ኧረ እንዳለ ይሁን» ይላል፣ ምክንያቱም ጀሪካኑ «ታሪክ» ነው።

የእኔ መልስ፦ ይቀይሩ፣ ያስተካክሉ። አንድ ሰው እንግዳ ሲመጣበት ቤቱን ማስተካከሉ ራሱ የቤቱ እውነት ነው። የመጀመሪያውን ፎቶ እሳቸው በመረጡት ልብስ፣ በመረጡት ቦታ አንሱ። ምናልባት የሟች ባላቸው ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር መሆን ይፈልጋሉ። ያንን እናንተ ብቻችሁን አታገኙትም ነበር። ከዚያ አብራችሁ ቡና ጠጡ። ሥራቸውን ሲቀጥሉ ደግሞ «እንዲህ ሆነው ባነሳዎትስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ካልፈቀዱ ደግሞ አልፈቀዱም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ እኛ ኢትዮጵያውያን በስፍራችን ተነስተን ምን እንደሚመጣ ስለምናውቅ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ከኮረም የወጡ ምስሎች ዓለምን አነቃንቀዋል፣ እርዳታም አስመጥተዋል፣ ሕይወትም አትርፈዋል። ይህን መካድ አይቻልም። ግን በምስሎቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች አብዛኞቹ ስም የላቸውም። እርሻቸው፣ ሙያቸው፣ ከረሃቡ በፊት የነበራቸው ቤት አይታይም። ስፍራቸው መጠለያ ብቻ ሆኖ ቀረ። ከአገር ውጭ ያደጉ ልጆቻችንም የዚያን ምስል ጥላ ትምህርት ቤት ድረስ ተሸክመዋል።

ኦሞ ሸለቆ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ሙርሲዎች ለቱሪስት ፎቶ ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ክፍያውም በፎቶ ብዛት ነው። ቱሪስቱ እንግዳ ነገር ስለሚፈልግ፣ ለፎቶው ተብሎ በዘወትር ኑሯቸው የማይደረግ ጌጥ ይደረደራል። እነሱን አልወቅስም፣ ገበያው የጠየቀውን እያቀረቡ ነው። ነገር ግን ጀርባው እውነተኛ መስሎ ሁሉም ነገር ለካሜራ የተሠራ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ያሳያል። ሰውና ቦታ በአንድ ፎቶ መግባታቸው ብቻ እውነት አያደርገውም።

አንዳንዴም ቦታውን ማውጣት ትክክል ነው። ፎቶ አንሺው ግርማ በርታ የአዲስ አበባን የጎዳና ሰዎች በስልክ እያነሳ፣ ከአካባቢያቸው ቆርጦ በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ያስቀምጣቸው ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የፎቶ ድርጅቱ ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ይሰጡት የነበረውን ድጋፍ አግኝቶበታል። ግርግሩ ሲወጣ አካሄዳቸው፣ የተሸከሙት ዕቃ፣ ጥላቸው ጎልቶ ይታያል። እሱ ያወጣው አስቦበት ነው። ፖርትሬት ሞድ ግን ሳናስብ ያወጣብናል።

ቦታውን የማቆየት ጉዳይ በአዲስ አበባ አሁን አጣዳፊ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ የካዛንችስ ሰፊ ክፍል ፈርሷል። የብዙ ቤተሰብ አልበም ውስጥ የልደትና የሠርግ ፎቶ ሞልቷል፣ ግቢው ግን የለም። የጋራ ቧንቧው፣ የእንጨት ደረጃው፣ የሱቁ መስኮት የለም። ወላጆቻችሁ ወይም ጎረቤቶቻችሁ ሊፈርስ የተነገረ ሰፈር ውስጥ ካሉ፣ በዚህ ሳምንት አንሷቸው። በራቸው ላይ ቁመው፣ ሰፊ አድርጋችሁ፣ ከእነ ጣሪያው።

ፈቃድ፣ ከዚያ መግለጫ

ስለ ሕጉ አጭር ነገር ልበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና ለሽያጭ ማቅረብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፦ ሰውየው የታወቀ ወይም የሕዝብ ኃላፊነት ያለው ሲሆን፣ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም ሲሆን፣ ወይም ፎቶው በአደባባይ ከተደረገ ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ክንውን ጋር የተያያዘ ሲሆን። የሸማኔው ቤት አደባባይ አይደለም። ስለዚህ ጠይቁ። «ላንሳዎት?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ፌስቡክ ላይ ላውጣው? ኤግዚቢሽን ላይ ልስቀለው?» ማለትም ያስፈልጋል። መነሳት የፈቀደ ሰው መለጠፍን ላይፈቅድ ይችላል።

ስፍራ ያለበት ፎቶ ከፊት ፎቶ ይልቅ ብዙ ያወራል፣ አደጋውም እዚያው ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የቤት ቁጥር፣ የመኪና ታርጋ ሁሉ ይነበባል። ስልኩም ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ፋይሉ ውስጥ ሊመዘግብ ይችላል። በአረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህት የአሠሪዎቿን ሳሎን ይዛ በተነሳችው ፎቶ ሥራዋን ልታጣ፣ ከዚያም የባሰ ሊደርስባት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ስታነሱ ቦታውን የሚያሳውቀውን ነገር ከመነሳቱ በፊት አስወጡ። በኋላ እሸፍነዋለሁ ማለት አያዋጣም።

መግለጫው ላይ ስም፣ ቦታ፣ ቀን፣ ሥራ ይግባ። ሰውየው ስሙ እንዲጠራ ካልፈለገ በስተቀር ስም አይዘለል። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንግ በ1936 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ኒፖሞ የአተር ለቃሚዎች ሰፈር ውስጥ ያነሳቻት እናት በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁ ፊቶች አንዷ ሆነች። ላንግ ዕድሜዋን ጻፈች፣ ስሟን ግን አልጠየቀችም። ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምሰን መሆኗ የታወቀው በ1978 ነው። ከፎቶው አንድም ሳንቲም እንዳላገኘች ተናግራ አዝናለች። ላንግ ቤተሰቡ ለምግብ ሲል የመኪናውን ጎማ እንደሸጠ ጽፋ ነበር። ቤተሰቡ ግን ይህ አልሆነም አለ። ፎቶው እውነተኛ ሆኖ መግለጫው ተሳስቷል፣ ስህተቱም ከፎቶው ጋር ዓለምን ዞሯል።

ስለዚህ መግለጫውን ከመለጠፋችሁ በፊት ለባለቤቱ አንብቡለት። ሸማኔው «እኔ ዶርዜ አይደለሁም፣ የጨንቻ ሰው ነኝ» ሊላችሁ ይችላል፣ «ሃያ ዓመት ሳይሆን ሠላሳ ነው» ሊላችሁ ይችላል። አርሙት። ፎቶውንም አሳትማችሁ ስጡት፣ በቴሌግራም መላክ ብቻውን አይበቃም፣ ስልኩ ሲጠፋ ይጠፋል። ፋይሉን ኮምፒውተራችሁ ላይ ስታስቀምጡ ስሙን፣ ሰፈሩንና ቀኑን አብራችሁ ጻፉበት። ልጆቹ ከዓመታት በኋላ ቢፈልጉት ሊያገኙት የሚችሉት እንዲያ ከሆነ ነው።